የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ

ለወራት የማይለቅ የእግር ሕመም መነሻው ብዙ ነው። አጥንት፣ ጅማት፣ ነርቭ፣ የደም ሥር፣ መገጣጠሚያ ወይም ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ችግሩ ከእግር የራቀ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ይህ ሁሉ «ነርቭ ነው»፣ «ብርድ ገብቶት ነው»፣ «ሪህ ነው» በሚሉ ሦስት ስሞች ይጠቃለላል። ስሞቹ ሕመሙን ይጠሩታል እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገሩም። ያንን የሚናገሩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የቱ ጋ ነው የሚያመው? መቼ ነው የሚብሰው? ለእነዚህ በቅጡ መልስ የያዘ ሰው ከራጅም ከደም ምርመራም በፊት ለሐኪሙ ብዙ ነገር ነግሮታል።

ሁለቱ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ዴ ሞይንን እንውሰድ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል በስተደቡብ፣ በፒውጀት ሳውንድ ዳርቻ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ የሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤቷ ነው። በዚህ አካባቢ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ እንጀራቸው በእግራቸው ላይ ነው። ዊልቸር እየገፉ ከበር በር የሚመላለሱ፣ አውሮፕላን የሚያጸዱ፣ በሱቅና በምግብ ቤት ቆመው የሚውሉ፣ አረጋውያንን የሚንከባከቡ አሉ። ታክሲና ኡበር የሚነዱት ደግሞ ተቀምጠው ይውሉና ሕመሙ የሚይዛቸው ከመኪና ሲወርዱ ነው። ከእግር በታች ያለው ወለል ሲሚንቶ ነው። ሺፍቱ ስምንት ሰዓት፣ ደብል ሲሆን አሥራ ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

ለጠዋት ሺፍት ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚነሳ ሰው እግሩን ከአልጋ አውርዶ ሲረግጥ ተረከዙ ላይ ሚስማር የተሰካ ይመስለዋል። ግድግዳ ተደግፎ፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ መታጠቢያ ቤት ይደርሳል። ሃያ ሠላሳ እርምጃ ከሄደ በኋላ ሕመሙ ይላላል፤ ቡናው እስኪፈላ ጭራሽ ይረሳዋል። ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ከቆመ በኋላ፣ ተረከዙ እየከበደ ይመጣል። ለእረፍት ቁጭ ብሎ ሲነሳ ደግሞ የጠዋቱ ሚስማር ይመለሳል። ከእረፍት በኋላ ባለችው የመጀመሪያ እርምጃ ላይ የሚወጋ፣ ሲሄዱበት የሚላላ፣ ማምሻውን የሚመለስ የተረከዝ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስም አለው፤ ፕላንታር ፋሲያይተስ ይባላል። ከአሥር ሰው አንዱን በዕድሜው አንድ ጊዜ እንደሚይዘው ይገመታል።

ሕመሙን ለመረዳት ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን ማሰብ ይጠቅማል። ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉት 26 አጥንቶች ተያይዘው እንደ ደጋኑ እንጨት ወደ ላይ ይቀለበሳሉ፤ የውስጥ እግር ጎድጓዳ የሚባለው ያ ቅስት ነው። የደጋኑን ሁለት ጫፍ ወጥሮ የሚይዘው ጅማት ቦታ ላይ ደግሞ ፕላንታር ፋሽያ የሚባል ጠንካራ ሽፋን አለ። ከተረከዝ አጥንት ይነሳና በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶቹ ሥር ይዘልቃል። ሂክስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ሰው ለመራመድ ተረከዙን ሲያነሳና ጣቶቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ ይህ ሽፋን በጣቶቹ ሥር ተጠምጥሞ ያጥራል፤ ቅስቱም ከፍ ይላል። ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ባዶ እግሩን የቆመን ሰው አውራ ጣት ሌላው በእጁ ወደ ላይ ሲያነሳለት የውስጥ እግሩ ጎድጓዳ ዓይን እያየ ከፍ ይላል።

ይህ መወጠርና መላላት በእያንዳንዱ እርምጃ ይደገማል። የሽፋኑ ክር የሚጎዳው ጫናው ከጥገናው ሲበልጥ ነው፤ የሚጎዳበትም ቦታ ሽፋኑ ከተረከዝ አጥንት የሚነሳበት፣ ከተረከዙ ፊት ለፊት ወደ ውስጥ ጎን ያለው ነጥብ ነው። ሐኪሙ ጣቶቹን ወደ ላይ አጥፎ እዚያ ነጥብ ላይ በአውራ ጣቱ ሲጫን ታማሚው እግሩን ይነጥቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም።

ስሙ «ብግነት» ማለት ነው፤ ነገር ግን ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሌሞንትና ባልደረቦቹ በቀዶ ሕክምና የተወሰደ የ50 ታማሚዎች ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ያገኙት ብግነት ሳይሆን የተበጣጠሰና ያረጀ ክር ነበር። ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሕመሙን አደንዝዞ ችግሩን ባለበት የሚተወው ስለዚህ ነው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ለወራት ቢውጠው ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ራጅ ላይ የሚታየው «ትርፍ አጥንት»ም ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሆኖም ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ተረከዝ ላይም በብዛት ስለሚገኝ፣ እሱን ለማስወገድ ብሎ መቆረጥ አይመከርም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ለሕመሙ የሚያጋልጡ ሦስት ነገሮችን ለይቷል፤ የሰውነት ክብደት፣ ቆሞ መዋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ቁርጭምጭሚት በበቂ አለመታጠፉ። ባቱ አልሳብ ሲል ቁርጭምጭሚት ወደ ፊት አይታጠፍም፤ ያልታጠፈውን ደግሞ ውስጥ እግር ይከፍላል።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ሰው የሚነሳ ጥያቄ አለ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮማን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸንፏል፤ ታዲያ ጫማ ያደረገው እግር ለምን ይታመማል? መልሱ በለውጡ ውስጥ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በአፈርና በሣር ላይ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ጡንቻውና ሽፋኑ ለዚያ ጫና ቀስ በቀስ ተገንብቷል። አርባ ዓመት ከሞላው በኋላ በድንገት በሲሚንቶ ላይ አሥር ሰዓት የቆመ እግር ለመገንባት ጊዜ አላገኘም። ሳምንቱን በሥራ ቆሞ፣ እሑድ ጫማውን በደጅ አውልቆ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰውም ያንኑ ተረከዝ ይዞ ነው የሚገባው። አባቶች ያስለመዱት መቋሚያ እዚያ ቦታ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ የክብደቱን ከፊል ከእግር ላይ ይወስዳል።

ሕመሙ የተረከዙን ሚስማር ካልመሰለ ሌላ መነሻ መፈለግ ይገባል። ከሁሉም ቀድሞ መታሰብ ያለበት ስኳር ነው። የስኳር በሽታ የነርቭን ጫፍ ሲጎዳ ሕመሙ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ከጣቶች ይጀምራል፤ ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል፤ ሌሊት አንሶላ ሲነካው ይብሳል። ሐኪሙ ቀጭን የናይለን ክር በጣቶቹ ሥር እያስነካ ይፈትናል፤ ክሩን ያላወቀ እግር ጠጠርንም፣ የሚያቆስል ጫማንም አያውቅም። ለዚህ እግር የሞቀ ውሃና ጨው አደገኛ ነው፤ እግሩ ሳይሰማው ይቃጠላል። ውሃው በክርን ይለካል፤ ወጌሻም እንዲስበው አይሰጥም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ተመሳሳይ ስሜት ያመጣል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው መጠን መመርመር አለበት፤ ጾም የሚያበዛም እንዲሁ።

ሕክምናው ጋውት የሚለው ሪህ አመጣጡ ሌላ ነው። ማታ በደህና የተኛ ሰው ሌሊት የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ነጠላ እንኳ ሊያስነካው የማይችል ሆኖ ይነቃል። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይለቀዋል፤ ከወራት በኋላ ይመለሳል። በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲረጋ የሚመጣ ነው። ዱለት፣ ጉበት፣ ቀይ ሥጋና ቢራ ያብሱታል፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ። ለሚመላለስበት ሰው እንደ አሎፑሪኖል ያሉ አሲዱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ።

ከእግር ጀርባ በአንድ ጣት ተነክቶ የሚታወቅ፣ በሄዱበት ቁጥር የሚጨምር ሕመም የተሰነጠቀ አጥንት ሊሆን ይችላል። የፕሩሲያ ወታደራዊ ሐኪም ብራይትሃውፕት እ.ኤ.አ. በ1855 በረጅም ጉዞ ከደከሙ ወታደሮች ላይ የገለጸው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ሊስተው ይችላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መሐል ጠጠር የረገጡ የሚያስመስል ደግሞ በጠባብ ጫማ የተጨመቀ ነርቭ ነው። ሲሄዱ ይዞ ሲቆሙ የሚለቅ፣ እግሩንም የሚያቀዘቅዝ ከሆነ የደም ሥር መጥበብ ይጠረጠራል። ወጣት ሆኖ ሁለቱም ተረከዝ የሚያመው፣ ጠዋት ወገቡ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትረው ሰው የመገጣጠሚያ ሐኪም ያስፈልገዋል። ቁስል ያለበት የስኳር ታማሚ እግር፣ ከትኩሳት ጋር የቀላ እግር፣ በአንድ ወገን በድንገት ያበጠ ባት ቀጠሮ አይጠብቁም።

የዋሽንግተን ግዛት ሐኪም ላይጠይቀው የሚችል አንድ ነገር ደግሞ አለ። በጎጃምና በወላይታ፣ በሌሎችም ደጋማ አካባቢዎች በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ እያረሰ ያደገ ሰው እግሩ ሲያቃጥለው፣ የእግሩ ጀርባ ሲያሳክከውና ማታ ማታ ሲያብጥ የዝሆኔ ጅማሬ ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት ይህ ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው እንደሚለይ፣ መነሻውም ከእሳተ ገሞራ አለት የተፈጠረው ደቃቅ አፈር በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧ መጉዳቱ መሆኑን አሳይቶ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ፣ በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰሪያ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ እየተነሳ የሚያስተኛውን የሕመም ማገርሸት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ቀላል ነው፤ ግን ታማሚው የልጅነት ታሪኩን ካልተናገረ ማንም አይሰጠውም።

ለመናገር ቋንቋ ያስፈልጋል። «ይወጋል»፣ «ያቃጥላል»፣ «ይጠዘጥዛል»፣ «ይቆረጥማል»፣ «ይደነዝዛል» የየራሳቸውን በሽታ ይጠቁማሉ፤ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ግን ሁሉም «ፔይን» ሆነው ይቀራሉ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም የሠለጠነ አስተርጓሚ ያለክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ከማንኛውም ምርመራ የሚቀድም ነው።

ፕላንታር ፋሲያይተስ የያዘው ሰው ከአሥር ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ሕክምና ከአልጋ ሳይወርዱ የሚደረግ ነው። ታማሚው ቁጭ ብሎ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያሳርፋል፤ በእጁ ጣቶቹን ወደ ቅልጥሙ ይስባል፤ የውስጥ እግሩ ክር እንደ ክራር ጅማት ሲወጠር በሌላው እጁ ይዳስሰዋል። እስከ አሥር ቆጥሮ ይለቃል፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ ይደግማል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ በ101 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ መሳሳብ ባትን ብቻ ከመሳብ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

ሁለተኛው ክሩን የሚያጠነክር ነው። በደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ከጣቶች ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ፣ በአንድ እግር ተረከዝን በሦስት ሴኮንድ ማንሳት፣ ሁለት ሴኮንድ መቆየት፣ በሦስት ሴኮንድ ማውረድ፤ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። በዴንማርክ በራትሌፍና ባልደረቦቹ በ48 ታማሚዎች የተሞከረው ይህ ዘዴ በሦስት ወር ከመሳሳብ በልጦ ተገኝቷል፤ በዓመቱ ግን ሁለቱ እኩል ሆነዋል። ስለዚህ ታማሚው የሚዘልቅበትን ቢመርጥ አይከስርም።

ጫማው መሐሉ የማይታጠፍ፣ ተረከዙ ጠንካራ ይሁን። ቤት ውስጥም በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ ከመሄድ ወፍራም ሶል ያለው ይሻላል። በመቶዎች ዶላር በልክ የሚሠራው የጫማ ውስጥ ሶል ከፋርማሲ ከሚገዛው ዝግጁ ሶል እንደማይበልጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አሳይቷል፤ ገንዘቡን ማትረፍ ይቻላል። የኮርቲዞን መርፌ ለአንድ ወር ያህል ያሳርፋል፤ ከተደጋገመ ግን ሽፋኑን ሊበጥስ፣ የተረከዝን ስብ ሊያሳሳ ይችላል። ለወራት እምቢ ላለ ሕመም ሾክ ዌቭ የሚባል የሞገድ ሕክምና አለ። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሁሉም ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተሞክሮ ካልተሳካ ብቻ ነው።

ሥራው ካልተስተካከለ ግን ልምምዱ ብቻውን አይበቃም። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ለአራት ሰዓት ሥራ ክፍያው የማይቋረጥ 10 ደቂቃ እረፍት ይሰጣል፤ ያቺ 10 ደቂቃ ስልክ ተይዞ ቆሞ የምታልፍ ሳትሆን ቁጭ ተብሎ እግር ከፍ የሚደረግባት ብትሆን ተረከዙ ያመሰግናል። ሲነሱም ከመቆም በፊት ጣቶቹን ጥቂት ጊዜ መሳብ ያስፈልጋል። በግዛቱ የሥራ ጉዳት መድን የሚመራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሐኪሙ ሕመሙ ከሥራው ጠባይ የመጣ ነው ብሎ ካመነ ማመልከቻውን አብሮ ይሞላል፤ ሁሉም ጥያቄ ተቀባይነት ባያገኝም፣ ቀስ በቀስ ከሥራ ለመጣ በሽታ የማመልከቻው ጊዜ ሐኪሙ ይህንኑ በጽሑፍ ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው።