ጨረቃ ላይ ያረፈችው ባለአራት እግር መንኰራኵር

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)

ክቡራን አንባብያን፤ የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ስለ መውጣቱ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። መጀመሪያ በምድረ ጨረቃ የተራመዱትን ሰዎች ስም የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። እነዚያን ሰዎች ወደ ምድረ ጨረቃ ስላወረደቻቸው፥ ከዚያም አንሥታ ወደ ጓደኛቸው ስለ መለሰቻቸው ትንሽ መንኰራኵር ግን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ እርስዋ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው በ1961 ነው። በሜይ 25 ቀን ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በአሜሪካ የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች ፊት ቀርበው፥ ዐሥርተ ዓመቱ ሳይፈጸም ሰው ጨረቃ ላይ አውርዳ በደኅና ወደ ምድር ለመመለስ አገራቸው እንድትነሣ ጠየቁ። በዚያን ጊዜ አሜሪካኖች ሰው ወደ ጠፈር በመላክ የነበራቸው ልምድ፥ አለን ሼፐርድ የተባሉት ጠፈርተኛ ከሃያ ቀን በፊት ያደረጉት የ15 ደቂቃ በረራ ብቻ ነበር።

ስለ መንገዱ ሦስት ዐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው፥ እጅግ ግዙፍ ሮኬት ሠርቶ ከምድር በቀጥታ ጨረቃ ላይ ማረፍ ነው። ሁለተኛው፥ የመንኰራኵሩን ክፍሎች በተለያዩ ሮኬቶች ልኮ በምድር ዙሪያ ማገጣጠም ነው። ሦስተኛው ግን ለየት ያለ ነበር፤ ይኸውም ትልቁ መንኰራኵር ጨረቃን እየዞረ ሲቈይ፥ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር ብቻ ከእርሱ ተለይታ እንድትወርድና ተመልሳ እንድትገናኘው ነው። ወደብ በሌለበት ጠረፍ ትልቅ መርከብ ራቅ ብሎ መልሕቁን ጥሎ መንገደኞቹን በጀልባ እንደሚሰድ ማለት ነው። ወደ ምድር ለመመለሻ የሚያስፈልገው ነዳጅና ስንቅ ጨረቃ ላይ ወርዶ እንደ ገና ስለማይነሣ፥ ሸክሙ እጅግ ይቀላል። የሆነ ሆኖ ብዙዎች ይህን ዐሳብ ፈሩት። ሁለቱ መንኰራኵሮች መገናኘት ቢያቅታቸው፥ ከምድር 380,000 ኪሎሜትር ያህል ርቀው ያሉትን ሰዎች ማን ያድናቸዋል?

በላንግሌይ የምርምር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ሚስተር ጆን ሆቦልት ግን ለሦስተኛው ዐሳብ ጥብቅና ቆሙ። በየስብሰባው ቢያስረዱ የሚሰማቸው ስላጡ፥ በኖቬምበር 1961 ከጠፈር ድርጅቱ ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ለነበሩት ለሚስተር ሮበርት ሲማንስ በቀጥታ ደብዳቤ ጻፉ። በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የቅርብ አለቆችን አልፎ ወደ ላይ መጻፍ ወቀሳ የሚያመጣ ነገር ነው። ሚስተር ሲማንስ ግን ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ እንዲቀር አላደረጉም፤ ዐሳቡ እንዲመረመር ለሚመለከታቸው አስተላለፉት። በመጨረሻም በጁን 1962 የታወቁት የሮኬት ሊቅ ቬርነር ፎን ብራውን ዐሳቡን ደገፉ፤ በሚከተለው ወር ውሳኔው ተነገረ።

መንኰራኵሯን የመሥራት ውል በኖቬምበር 1962 የተሰጠው በኒውዮርክ አቅራቢያ በሎንግ አይላንድ ይገኝ ለነበረው ለግሩማን የአውሮፕላን ኩባንያ ነው። ሥራውን በዋና መሐንዲስነት የመሩት ሚስተር ቶማስ ኬሊ ነበሩ። ትልቁ ጠላታቸው ክብደት ሆነ። ስለዚህ በመጀመሪያ ታስበው የነበሩት መቀመጫዎች ቀሩ፤ ጠፈርተኞቹ ቆመው እንዲነዱ ተደረገ። ቆመው ወደ መስኮቱ ስለሚቀርቡ፥ መስኮቶቹም ሊያንሱ ቻሉ። የክፍሉ ግድግዳ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይበልጥም ነበር። በጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ክንፍ ወይም የሾለ አፍንጫ አላስፈለጋትም፤ መልኳም ባለአራት እግር ነፍሳት መሰለ። ቁመቷ 7 ሜትር፥ ክብደቷ ከነነዳጁ 15 ቶን ያህል ነበር።

መንኰራኵሯ ሁለት ክፍል ነበራት። የታችኛው ክፍል እግሮቹንና የመውረጃውን ሞተር ይይዛል፤ የላይኛው ሰዎቹንና የመነሻውን ሞተር። ለመመለስ ጊዜው ሲደርስ የታችኛው እንደ መድረክ ሆኖ ይቀራል፤ የላይኛው ብቻ ይነሣል። የመነሻው ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ምትክ የለውም። እንቢ ቢል ሁለቱ ሰዎች እዚያው መቅረታቸው ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በተቻለ መጠን ቀላል አድርገው ሠሩት። ሁለት ፈሳሾች ሲገናኙ ያለ ክብሪት፥ ያለ ብልጭታ በራሳቸው ይቀጣጠላሉ፤ የሚያስፈልገው ቧንቧዎቹን መክፈት ብቻ ነው።

መንኰራኵሯ በጃንዋሪ 1968 ያለ ሰው፥ በማርች 1969 ሰው ይዛ በምድር ዙሪያ ተፈተነች። በሜይ 1969 ለምድረ ጨረቃ እስከ 15 ኪሎሜትር ያህል ቀርባ ተመለሰች። ከዚያም በጁላይ 20 ቀን 1969፥ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ፥ ንስር የሚል ስም የተሰጣት መንኰራኵር ኒል አርምስትሮንግንና ኤድዊን ኦልድሪንን ይዛ አረፈች። ማይክል ኮሊንስ በትልቁ መንኰራኵር ብቻቸውን ጨረቃን እየዞሩ ይጠብቁ ነበር። በመውረድ ላይ ሳሉ ኮምፒዩተሩ ሥራ በዝቶበት ደጋግሞ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሰጠ፤ ሊያርፉበት የነበረውም ስፍራ ድንጋያማ ሆኖ በመገኘቱ፥ አርምስትሮንግ መሪውን በእጃቸው ይዘው ደልዳላ ቦታ ፈለጉ። በኋላም የመነሻውን ሞተር የሚያዘጋጀው ማብሪያ ተሰብሮ ተገኘ፤ ኦልድሪን በእስክሪብቶ ገፍተው አስገቡት። ከ21 ሰዓት ተኩል ቈይታ በኋላ ሞተሩ በታዘዘበት ደቂቃ ተነሣ።

የመንኰራኵሯ ታላቅ ውለታ የታየው ግን ጨረቃ ላይ ሳታርፍ በቀረችበት ጊዜ ነው። በኤፕሪል 1970 አፖሎ 13 ከምድር ከ320,000 ኪሎሜትር በላይ ርቆ ሳለ፥ በትልቁ መንኰራኵር ያለው የኦክስጅን ጋን ፈነዳ። ጄምስ ሎቬል፥ ጃክ ስዊገርትና ፍሬድ ሄይዝ አኳሪየስ ወደተባለችው ትንሽ መንኰራኵር ተሸሸጉ። እርስዋ የተሠራችው ሁለት ሰዎችን ለሁለት ቀን ያህል እንድታኖር ነው፤ አሁን ግን ሦስት ሰዎችን ሦስት ቀን ተኩል ያህል ማኖር ግድ ሆነባት። መብራቱን አጠፉ፤ ውኃውን ቈጠቡ፤ በብርድ ተንቀጠቀጡ። የሚተነፍሱት የተቃጠለ አየር በተጠራቀመ ጊዜም የማጣሪያዎቹ ቅርጽ አልገጥም ብሎ ነበር፤ የትልቁ መንኰራኵር ማጣሪያ አራት ማዕዘን፥ የትንሿ ክብ ነውና። በምድር ያሉት መሐንዲሶች በላስቲክ ከረጢት፥ በካርቶንና በሚጣበቅ ጨርቅ እንዴት እንደሚያገጣጥሙት በሬዲዮ አስተማሯቸው። ለማረፊያ የተሠራው ሞተርም ወደ ምድር የሚመልሳቸውን መንገድ አስያዛቸው። በኤፕሪል 17 ቀን ሦስቱም በደኅና በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ወረዱ። አኳሪየስ ግን ተለይታ አየር ውስጥ ተቃጥላ ቀረች።

የአፖሎ ጉዞዎች በዲሴምበር 1972 እስኪያበቁ ድረስ ዐሥር እንደ እርስዋ ያሉ መንኰራኵሮች ወደ ጠፈር ተልከዋል። ስድስቱ ጨረቃ ላይ አርፈው 12 ሰዎች አውርደዋል፤ ከ12ቱም አንድ እንኳ በዚያ አልቀረም። የስድስቱ የታችኛ ክፍሎች ዛሬም ባረፉበት ቆመዋል፤ ጨረቃን የምትዞር ሰው አልባ መንኰራኵር ከ2009 ጀምሮ ፎቶግራፍ አንሥታቸዋለች።

እንግዲህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ይህ ታላቅ ጉዞ በሮኬቱ ግዙፍነት ብቻ እንዳልተፈጸመ ነው። ያመኑበትን ነገር ለመጻፍ ያልፈሩ መሐንዲስ፥ ደብዳቤውን አንብበው ወደ ጎን ያላሉት አለቃ፥ ከእያንዳንዱ ብሎን ላይ ክብደት የቀነሱ ሠራተኞች ባይኖሩ ኖሮ፥ ንስር ባላረፈች፥ የአፖሎ 13ም ሦስት ሰዎች ወደ ቤታቸው ባልተመለሱ ነበር። ለዛሬው በዚሁ እናበቃለን።