የሳድስበሪ ሰማያዊ ሰሌዳ

በፔንሲልቬኒያ ገጠር በመኪና ሲያልፉ፣ በበቆሎ ማሳና በከብት በረት መካከል በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ ሰማያዊ ሰሌዳ ብቅ ይላል። ፊደሎቹ ወርቃማ ናቸው፤ ከአናቱ የግዛቲቱ አርማ ተቀርጿል። ሰሌዳው በዚያ ስፍራ የተፈጸመውን ታሪክ በጥቂት መስመሮች ይናገራል።

የግዛቲቱ የታሪክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1914 ሥራውን ሲጀምር የነሐስ ጽሑፎችን በትልልቅ ድንጋዮች ላይ ያስለጥፍ ነበር። እነዚያን ለማንበብ ቀርቦ መቆም ያስፈልጋል። መኪና ሲበዛ አንባቢው ሹፌር ሆነ፤ በ1946 ኮሚሽኑ ከሩቅ ወደሚነበብ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ዞረ። ዛሬ ከ2,500 በላይ ሰሌዳዎች አሉ።

አሠራሩ የቆየ ነው። የጽሑፉ ቅርጽ በአሸዋ ላይ ይታተማል፣ የቀለጠ አሉሚኒየም ይፈስበታል፣ ሲቀዘቅዝ ተጠርጎ ይቀባል። በኦሃዮ ማሪዬታ ከተማ የሚገኘው ሴዋ ስቱዲዮስ ከ1927 ጀምሮ በዚህ ሙያ ኖሯል።

ሰሌዳ ከሚቆምላቸው ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በሳድስበሪ ነው፤ ይህም በላንካስተር ካውንቲ ሥር ያለ ታውንሺፕ፣ ማለትም አነስተኛ የገጠር አስተዳደር ነው። ክርስቲያና የምትባል ትንሽ ከተማ ትጎራበተዋለች። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1851 ንጋት ላይ የሜሪላንዱ ባሪያ አሳዳሪ ኤድዋርድ ጎርሰች፣ ከፌዴራል መንግሥት ሹም ጋር ሆኖ፣ የኮበለሉበትን ሰዎች ሊይዝ ወደዚህ መጣ። ከዓመት በፊት የወጣው ሕግ ባርነት ከሌለበት ግዛት እንኳ አስይዞ እንዲወስዳቸው ይፈቅድለት ነበር። ሰዎቹ የተጠለሉበት ቤት ጌታ ዊልያም ፓርከር ራሱ ከሜሪላንድ ባርነት ያመለጠ ነበር። ሚስቱ ኤሊዛ ጥሩንባ ነፋች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። በግጭቱ ጎርሰች ተገደለ፣ ልጁ ዲክንሰን ክፉኛ ቆሰለ። ፓርከር የፀረ ባርነት ታጋዩ ፍሬድሪክ ዳግላስ በሚኖርበት በሮቸስተር በኩል አድርጎ ካናዳ ገባ።

መንግሥት 38 ሰዎችን በአገር ክህደት ከሰሰ። መጀመሪያ ለፍርድ የቀረበው ካስትነር ሃንዌይ የተባለ ነጭ ባለ ወፍጮ ሲሆን፣ አሳዳጆቹን እንዲረዳ ሲታዘዝ እምቢ ብሎ ነበር። ችሎቱ የተሰየመው የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ በጸደቀበት በፊላደልፊያው ኢንዲፔንደንስ ሆል ነው። ጁሪው 15 ደቂቃ ያህል መክሮ በነፃ አሰናበተው፤ የሌሎቹም የክህደት ክስ ቀረ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰሌዳ አይችለውም። የትኛው ይጻፍ፣ የትኛው ይቅር የሚለውም ቀላል አይደለም። በ1911፣ ግጭቱ 60 ዓመት ሲሞላው ክርስቲያና ላይ የቆመው ሐውልት ሁለቱንም ወገን ለማስደሰት ሞክሯል፤ ጎርሰች ለሕግ ሞተ፣ ሃንዌይ ለነፃነት ተሠቃየ ይላል።

አዲስ ሰሌዳ እንዲቆም ማንኛውም ግለሰብ ወይም ማኅበር ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ ከመንደር አልፎ ለግዛቲቱ ወይም ለአገሪቱ ትርጉም እንዳለው ግን በማስረጃ ማሳየት አለበት። ከ2017 ወዲህ ኮሚሽኑ የነባሮቹንም ጽሑፍ መርምሮ አንዳንዶቹን አንስቷል፣ የሌሎቹን ቃል ለውጧል።