የምናለሽ ተራ ሽቦ ሥዕል ሲሆን

ኮላዥ ቁርጥራጭ ነገሮችን አንድ ገጽ ላይ በማጣበቅ የሚሠራ ሥዕል ነው። ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ጥልፍልፍ የታተመበትን ጨርቅ ሸራው ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ ከከበበ ወዲህ፣ ተራ ዕቃ በሥዕል ውስጥ መግባቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ብዙ ተመልካች እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ቆሞ “ይሄ ደግሞ ምን ለማለት ነው?” ማለቱ አልቀረም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ከአንድ ሠዓሊ ሥራ እንፈልገው።

ኤልያስ ስሜ አዲስ አበባ ተወልዶ እዚያው ሥነ ጥበብ የተማረ ሠዓሊ ነው። ቀደም ሲል ክርና የልብስ ቁልፍ ይጠቀም ነበር። በኋላ ፊቱን አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት የመርካቶ ምናለሽ ተራ አዙሮ፣ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ማዘርቦርድና የኮምፒውተር ኪቦርድ መሰብሰብ ያዘ። “ታይትሮፕ” የተባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ የተሠሩት ከእነዚህ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሉ ግን ማሳው ይጠፋል፤ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ በጥቃቅን ምስማር ከጣውላው ጋር ተያይዘው ይታያሉ። አረንጓዴውም ቀዩም የሽቦው የራሱ የፕላስቲክ ልባስ ነው።

“ቆሻሻን ወደ ውበት ቀየረ” የሚለው የተለመደ አስተያየት ውሸት ባይሆንም፣ ለእኔ ግን በጣም ያንሳል። ያ ሽቦ ታሪክ አለው። ሩቅ አገር ፋብሪካ ተመርቶ፣ የሰው ቤት ገብቶ አገልግሎ፣ ሲበላሽ ተጥሎ፣ በቁራሌው ትከሻ ገበያ የደረሰ ዕቃ ነው። ስለዚህ ኮላዥ ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው “ምን ይመስላል?” ሳይሆን “ይህ ዕቃ ከየት መጣ? ማን ነክቶታል?” ብለን ነው። ቀጥሎ የሠዓሊውን እጅ እንመልከት። በማሽን በደቂቃ የወጣን ሽቦ አንድ በአንድ መጎንጎን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቶሎ የምንጥለውን ነገር ዘገም ብለን እንድናይ የሚያስገድደን ይኸው ድካም ነው። የሥራዎቹ ርዕስም በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድን ያመለክታል፤ ቴክኖሎጂ በሚሰጠንና በሚያስከፍለን መካከል ሚዛን መጠበቅ ማለት ነው።

ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢያናሌ ለዕይታ ቀርበዋል። ሠዓሊው ከዐውደ ርዕይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ያለው እዚሁ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ነው። ግድግዳው ራሱ ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ በእጅ ያጌጠ ነው፤ ተራ ዕቃን ማንበብ መልመድ የሚፈልግ ከዚያ ግድግዳ ይጀምር።