ስለ ፈርን ዓይነቶችና ስለ አመጣጣቸው

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ኦቾሎ የሚወጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያደንቀው አለቱን ነው። ከታች የአባያ ሐይቅ፣ ከላይ የጨንቻ ደጋ ስለሚታይ ዓይኑ ሩቅ ሩቁን ይመለከታል እንጂ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለችውን ትንሽ ተክል ልብ አይላትም። በበጋ ቅጠሏ ተጠቅልሎና ጠውልጎ የሞተች ትመስላለች፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን ተዘርግታ አረንጓዴ ሆና ትገኛለች። ይህች ተክል ከፈርን ወገን ናት። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ፈርን ሲባል አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ አስተሳሰብ ለደናችንም ለከብቶቻችንም የማይበጅ ስለሆነ፣ ስለ ፈርን አመዳደብና አመጣጥ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ፈርን አበባ የለውም፤ ፍሬና ዘርም የለውም። ነገር ግን ቅጠሉን ገልብጠን ብናይ ከጀርባው እንደ ዝገት የመሰሉ ቡናማ ነጠብጣቦች እናገኛለን። በውስጣቸው ስፖር የሚባል ከዱቄት የላመ ነገር አለ። ስዊድናዊው ሊኔ በ1753 እ.ኤ.አ. ዕፀዋትን ሲመድብ ፈርንን «ጋብቻቸው ከተሰወረ» ተክሎች ጋር አኖረው፤ እንዴት እንደሚራባ ገና አልታወቀም ነበርና። ጀርመናዊው ሆፍማይስተር በ1851 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዚህ ተክል ሕይወት በሁለት ትውልድ የሚፈራረቅ መሆኑን አስረዳ። ይኸውም ስፖሩ በቀጥታ ፈርን አይሆንም። በእርጥብ አፈር ላይ ሲወድቅ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ብዙ ጊዜ የልብ ቅርጽ ያላት፣ ስስ አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። ወንዴውና ሴቴው ሕዋስ የሚፈጠሩት በእርሷ ላይ ነው። ወንዴው ሕዋስ በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ሴቴውን ሲያገኝ፣ ያን ጊዜ እኛ የምናውቀው ፈርን ይወለዳል። ስፖሩን ነፋስ ያደርሰዋል፤ ለጋብቻው ግን ቢያንስ አንድ ጠብታ ውሃ ያስፈልጋል። ፈርን ጥላና እርጥበት የሚወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በደረቅ አለት ላይ የሚኖሩት አንዳንዶቹ ብልሃት አግኝተዋል፤ ጋብቻውን ጨርሶ ትተው ያለ እርሱ ይራባሉ።

ወደ አመዳደቡ እንመለስ። የቆዩ መጻሕፍት «ፈርንና የፈርን ዘመዶች» እያሉ ብዙ ተክሎችን በአንድ ያጠቃልላሉ፤ ሊኮፖድ የሚባሉትና የፈረስ ጭራ የሚባለው ተክል በዚሁ ውስጥ ይቆጠሩ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ፕራየር የተባሉት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር የተክሎቹን ዲ.ኤን.ኤ. አመሳክረው አዲስ ነገር አሳዩ። የፈረስ ጭራ፣ ምንም እንኳ መልኩ ባይመስል፣ ከፈርን ቤተሰብ ውስጥ ነው። ሊኮፖድ ግን የሩቅ ነው፤ እንዲያውም ፈርን ከእርሱ ይልቅ ለዝግባና ለጤፍ ይቀርባል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብዙ የዓለም ሊቃውንት ተባብረው ባወጡት አመዳደብ መሠረት፣ የፈርን ዝርያዎች 10,578 ሲሆኑ በ48 ቤተሰብ ተከፍለዋል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች እንደ ዛፍ ግንድ አቁሞ የሚያድግ አለ። የእባብ ምላስ የሚባለው ደግሞ አንድ ቅጠል ብቻ ያለው ትንሽ ተክል ሲሆን፣ ከዚሁ ወገን አንዱ ዝርያ በሕዋሱ ውስጥ ከ1,200 በላይ ክሮሞሶም ይዟል፤ የሰው 46 ብቻ ነው!

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር። አስፕሌኒየም ኤቲዮፒኩም የሚባል ፈርን አለ፤ ስሙን ሰምተን ብንኮራ አይፈረድብንም። ነገር ግን ስሙ በ1768 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ከደቡብ አፍሪካ ለተገኘ ተክል ነው፤ በዚያ ዘመን ኤውሮፓውያን ኢትዮጵያ ሲሉ ብዙ ጊዜ አፍሪካን ማለታቸው ነበር። ደግነቱ ተክሉ በእኛም አገር ደኖች ይበቅላል።

የፈርን ወገን ከ350 ሚሊዮን ዓመት በፊት በምድር ላይ እንደነበረ ከድንጋይ ቅሪቶች ታውቋል። በአገራችንም ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ፣ ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል በሆነ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ አክሮስቲኩም የሚባል የረግረግ ፈርን ቅሪት ተገኝቷል። ከዚህ ተነሥቶ ሰው ሁሉ ፈርን ከጥንት የተረፈ ያረጀ ተክል ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዛሬ ያሉት ዝርያዎች አብዛኞቹ የተስፋፉት አበባ ያላቸው ዛፎች ዓለምን ከሸፈኑ በኋላ ነው። ዛፎቹ አላጠፏቸውም፤ ይልቁንም ጥላቸውን አዲስ መኖሪያ አደረጉላቸው። በጥላ ውስጥ ደካማ ብርሃንን የሚለዩበት አንድ ጂን እንኳ ከሌላ አበባ አልባ ተክል የወረሱት መሆኑ በ2014 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። እንግዲህ አብዛኛው ፈርን የዛፍ ጥገኛ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሁሉም እንዲህ አይደለም። ብራከን የሚባለው ፈርን ደን በተመነጠረበትና በተቃጠለበት ቦታ ይበረታል። ግንዱ ከመሬት በታች ርቆ ስለሚሄድ እሳት አይደርስበትም፤ ቅጠሉ ቢቃጠል እንደገና ያቆጠቁጣል። ከብት አዘውትሮ ቢበላው ይመረዛል፤ ደም ያሸናዋል፣ በፊኛውም ላይ ካንሰር ያመጣበታል። በኤውሮፓ የሌላ ፈርን ሥር እንደ እኛ ኮሶ የሆድ ትል ማስወጫ ሆኖ ማገልገሉን የሰማ ሰው፣ ፈርን ሁሉ መድኃኒት መስሎት ብራከንን ቢሞክር ራሱን ይጎዳል።

በጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው፣ ዛፍ መቁረጥ በባህል የተከለከለባቸው ትንንሽ ደኖች አሉ። እንዲህ ባለ ደን ውስጥ ጥላ ወዳዱ ፈርን በዛፉ ቅርንጫፍና በሥሩ ላይ ይኖራል። ዛፉ ሲቆረጥ እርሱ ይደርቃል፤ በቦታው ብራከን ቢመጣ «አሁንም ፈርን አለ» ብሎ የሚጽናና ሰው ተታልሏል። ሁለቱን ለመለየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም። ብራከን በአንድ እግር ተሰብስቦ አይበቅልም፤ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ከመሬት ይወጣል፣ ቁመቱም ብዙ ጊዜ ከወገብ ያልፋል። ስፖሩም በነጠብጣብ ሳይሆን በቅጠሉ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ልብስ ቅምቅማት በታጠፈው ውስጥ ተሰልፎ ይገኛል።