አልነሳ ያለ የጀልባ ሞተር፦ እሳቱን ከካንዴላ እስከ ቮላኖ መከተል

በጣና ሐይቅ ላይ ሁለት ዓይነት ጀልባ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንደኛው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው፤ ሁለተኛው ከኋላው ሞተር የታሰረበትና መንገደኛ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልሰው ጀልባ ነው። ታንኳው ቀዛፊ ካለው ይሄዳል። የሁለተኛው ጉዞ ግን በሞተሩ ውስጥ በምትፈነጥቅ አንዲት ብልጭታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መካኒኮች "እሳት" የሚሏት እሷን ነው። እሳቱ ከጠፋ ጉልበተኛ የተባለ ሞተርም ቢሆን ጀልባው የተሸከመው ብረት ብቻ ይሆናል።

ሞተር አልነሳ ሲል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ካርቡሬተሩን መፍታት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃ መግዛት ነው። ሁለቱም ቢቆዩ ይሻላል። የእሳት ችግር በቅደም ተከተል ከተፈለገ ብዙ ጊዜ በርካሽ ዕቃ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ወጪ ይፈታል። በግምት ከተፈለገ ግን ደህናው ዕቃ ተጥሎ ሌላ ይገዛል፤ ሞተሩም እንዳኮረፈ ይቀራል።

የሞተሩ ትውልድ

ከጀልባ ኋላ የሚታሰረውን ሞተር በሰፊው ለገበያ ያበቃው ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። ከእርሱ በፊትም የሞከሩ ነበሩ፤ በ1909 (እ.ኤ.አ.) በሚልዋኪ ከተማ መሸጥ የጀመረው 1.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ግን የሥራውን መልክ ቀየረው። የጃፓኑ ያማሃ በ1960 የመጀመሪያውን የጀልባ ሞተሩን አወጣ። ኤቪንሩድ የሚለውን ስም የያዘ ሞተር ማምረት በ2020 ቆሟል፤ ከአሥርት ዓመታት በፊት የተሠሩት ግን ዛሬም በብዙ አገር ውሃ ላይ ናቸው።

እነዚህ አሮጌ ሞተሮች ዕድሜ ያገኙት አሠራራቸው ቀላል ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ቤንዚናቸው ከዘይት ጋር ተደባልቆ ይገባል። ትንንሾቹ ባትሪ አያስፈልጋቸውም። ገመድ ሲሳብ የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ጎማ፣ ቮላኖው፣ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

በቮላኖው ውስጠኛ ጠርዝ ማግኔቶች ተተክለዋል። ከቮላኖው ሥር ደግሞ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል ተቀምጧል። ማግኔቱ በኮይሉ አጠገብ ሲያልፍ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በቀደሙት ሞተሮች ይህን ኤሌክትሪክ በትክክለኛው ቅጽበት የሚያቋርጠው ፑንቲና ነው፤ እየተነካካ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የብረት ጥንድ። ፑንቲናው ሲከፈት በኮይሉ ውስጥ የተከማቸው ማግኔታዊ ኃይል በድንገት ይፈርሳል፤ በዚያው ኮይል ባለው ሁለተኛና ቀጭን ጥምጥም ላይ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይነሳና ካንዴላው ጫፍ ላይ ይፈነዳል። አጠገቡ ያለው ኮንደንሰር ፑንቲናው ራሱ በብልጭታ እንዳይቃጠል ይጠብቀዋል።

በኋላ የመጣው ሲዲአይ የሚባለው ዘዴ ፑንቲናን አስቀረ። ከቮላኖው ሥር ያለው ኮይል አንድ ዝግ ሳጥን ውስጥ ያለን ካፓሲተር በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ይሞላል፤ ሌላ ትንሽ ኮይል "አሁን" የሚል ምልክት ሲልክ ሳጥኑ ያጠራቀመውን በአንዴ ይለቃል። ባለ ሁለት ምት ሞተር በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ ከ80 ጊዜ በላይ እሳት ይፈልጋል። ትንሽ ዝገት ወይም ስንጥቅ እዚህ ሰዓት ላይ ነው የሚታወቀው።

ከመጀመር በፊት

ሥራው ነፋስ በሚያገኝ ቦታ፣ የቤንዚን ጀሪካን ርቆ፣ ማርሹ ባዶ ላይ ሆኖ ይሠራል። ሲፈተሽ ሽቦውንም ካንዴላውንም በእጅ መያዝ አይገባም፤ የሲዲአይ ምት ከባድ ነው፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ያስፈራል። ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ የቤንዚን ጭጋግ ስለሚወጣ ብልጭታውን ከቀዳዳው አርቆ ማውጣት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከተነሳም በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይሁን፤ ያለ ውሃ ሲሠራ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላሻል።

መጀመሪያ ማጥፊያው

በነጂው እጅ ወይም ልብስ ላይ የሚታሰረው ቀይ ገመድ ቁልፉ ላይ በደንብ ተሰክቷል? ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ "የሞተ" ሞተር የተነሳው በዚህ ነው።

ባትሪ በማይፈልጉ ሞተሮች ማጥፊያው የሚሠራው ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ ብረት አካል፣ ማለትም ወደ ማሳ፣ በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ማጥፊያው ውስጥ ውሃ ከገባ ወይም ሽቦው ተልጦ ብረት ከነካ ሞተሩ ሁልጊዜ "ጥፋ" እየተባለ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማጥፊያው የሚመጣውን ሽቦ ከሞተሩ ነቅሎ እንደገና መሞከር። እሳቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የማጥፊያው ወይም የሽቦው ነው። በዚህ ሁኔታ የተነሳ ሞተር በማጥፊያው ስለማይጠፋ ቾኩን ዘግቶ ማፈን ያስፈልጋል። ሽቦው ሳይመለስ ወደ ሐይቅ መውጣት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጀልባውን የሚያቆመው ያ ቀይ ገመድ ብቻ ነው።

ካንዴላው ምን ይላል?

ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ማየት የሞተሩን ጤና ይነግራል። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን እየገባ እሳት ግን እየጠፋ፣ ወይም ዘይት እየበዛ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን ከአየሩ እንደበለጠ ይናገራል። ነጭና የተቃጠለ መስሎ ከታየ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል። የማስነሻው ገመድ ብዙ ጊዜ ተስቦ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ግን እሳት መፈለጉን ትቶ ቤንዚኑ ለምን እንዳልደረሰ መመርመር ይሻላል።

ለኛ ሐይቆች እዚህ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ሲሠራ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል፤ ባለቤቱም "ካንዴላ አይበረክትልኝም" ይላል። በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ቀዳዳ ለከፍታው በሚስማማ፣ ጠበብ ባለች መቀየር ከብዙ ካንዴላ ግዢ ያድናል። የዘይቱም መጠን እንዲሁ ነው። በ1950ዎቹ የተሠሩ ብዙ ሞተሮች 24 እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት ይፈልጋሉ፤ ኋላ የመጡት ብዙዎቹ 50 ለአንድ ይበቃቸዋል። አዲሱን በአሮጌው ልክ ማጠጣት ካንዴላ ያጠቁራል፤ አሮጌውን በአዲሱ ልክ ማጠጣት ፒስተን ያቃጥላል።

ብልጭታው ያታልላል

ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት አስነክቶ ገመድ መሳብና ብልጭታ መፈለግ የተለመደ ነው። ነገር ግን በሜዳ ላይ የታየ ብልጭታ በሲሊንደር ውስጥም ይኖራል ማለት አይደለም። በታመቀ አየር ውስጥ ብልጭታ ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል፤ ደካማ ኮይል ውጭ ላይ እሳት እያሳየ ውስጥ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ክፍተቱ የሚሰፋ የብልጭታ መፈተሻ መጠቀም ይሻላል። ለፑንቲና ሞተር 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለብዙ ሲዲአይ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰማያዊ ሆኖ በድምፅ መዝለል አለበት። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደክሟል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው ቢሳብ ቮላኖው ፈጥኖ ይዞራል፤ በዝግታ ከተሳበ ደህና ሞተርም እሳት አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ሁለት መንገድ ይይዛል። በሁሉም ሲሊንደር እሳት ከሌለ ጥፋቱ ሁሉም የሚጋሩት ነገር ላይ ነው፦ ማጥፊያው፣ ከቮላኖው ሥር ያለውና ካፓሲተሩን የሚሞላው ኮይል፣ የማሳ ሽቦ ወይም የሲዲአይ ሳጥኑ። በአንዱ ብቻ ከጠፋ የዚያ ሲሊንደር ኮይል፣ ሽቦ፣ የካንዴላ ቆብ ወይም ፑንቲና ይጠየቃል። ኮይሎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ቦታቸውን ማቀያየር ነው። ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ወደ ሌላው ሲሊንደር ከሄደ ወንጀለኛው ተገኘ፤ ካልሄደ ኮይሉ ነፃ ነው። ይህ ፍተሻ ምንም አያስወጣም።

ሞተሩ በርሜል ውስጥ ሆኖ ሲመሽ ማስነሳትም ብዙ ያሳያል። ከተሰነጠቀ ኮይል ወይም ከተላጠ ሽቦ ወደ ብረቱ የሚዘለው ሰማያዊ ጭረት በጨለማ በግልጽ ይታያል።

ከቮላኖው ሥር

ለብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር ፑንቲናው ላይ ስስ ዝገት ይይዛል፤ ዓይን ባያየውም ኤሌክትሪክ ያግዳል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ መጥረግ፣ ከዚያም አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። በብዙ የጆንሰንና የኤቪንሩድ አሮጌ ሞተሮች ፑንቲናው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሌላው በራሱ መጽሐፍ ይታያል። ፑንቲናው በአጭር ጊዜ ደጋግሞ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩን መቀየር ነው። በ1950ዎቹ የነበሩት ኮይሎች ሽፋናቸው ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ኮይል አይታከምም።

ቮላኖው የሚወጣው በመንቀያ እንጂ በመዶሻ አይደለም። መዶሻ ማግኔቱን ይሰነጥቃል፤ ዋናውን ዘንግም ያጣምማል። ሲወጣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምትቆልፈውን ትንሽ የብረት ቁራጭ መመልከት ያስፈልጋል። እሷ ከተቆረጠች ቮላኖው ከቦታው ይዞራል፤ እሳቱ አለ፣ ግን ሰዓቱን ስቶ ይመጣል። ጥሩ እሳትና በቂ ቤንዚን እያለው ወደ ኋላ የሚመታ ወይም በካርቡሬተር የሚተፋ ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በዚህ ነው።

ሲግል የሚሞት ሞተር

ቀዝቅዞ ይነሳል፤ ግማሽ ሰዓት ሄዶ ይጠፋል፤ ሲበርድ መልሶ ይነሳል። ይህ ብዙውን ጊዜ የኮይል ወይም የሲዲአይ ሳጥን በሽታ ነው። ሽቦው ሲሞቅ ይለጠጥና ውስጡ ያለው ስንጥቅ ይከፈታል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ በቴስተር የተለካ ቁጥር ደህና ቢሆንም አይታመን፤ መለካት እንደጠፋ ወዲያው፣ በትኩሱ ነው። ቁጥሩም ከሞተሩ መጽሐፍ ጋር ይነጻጸር፤ ከሞዴል ሞዴል ይለያያልና።

የሲዲአይ ሳጥን ዝግ ስለሆነና ውድ ስለሆነ በመጨረሻ ይከሰስ። ከእርሱ በፊት የማሳ ሽቦዎቹ የታሰሩባቸው ብሎኖች ተፈትተው ከዝገት ይጥረጉ። ብዙ ሳጥን ያለ ጥፋቱ የተጣለው በአንድ የዛገ ብሎን ምክንያት ነው።

ለባለቤቱ

የሞተሩን ሞዴል ቁጥር መዝግበው ይያዙ፤ መለዋወጫ የሚገኘው በእርሱ ነው። በጀልባው ውስጥ ሁለት ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የቀዩ ገመድ ትርፍ መሰኪያ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ፒንሳ ይኑርዎት። መካኒክ "ኮይሉ ሞቷል" ሲልዎት በምን እንዳወቀ ይጠይቁት፤ ፈትሾ ያገኘ ያሳይዎታል፤ የገመተ በእርስዎ ገንዘብ ይገምታል። የሞተሩ ጤና ምንም ያህል ቢያምር ደግሞ ያለ መቅዘፊያና ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት ከዳርቻ አይራቁ።