የቢጫ ነጥቦች ምስክርነት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። በቀለም የታተመ ወረቀትም ያተመውን መኪና የሚያጋልጥበት ጊዜ አለ።

ብዙዎቹ ባለ ቀለም የሌዘር ማተሚያዎች በሚያወጡት ገጽ ላይ ዐይን የማይለያቸውን ቢጫ ነጥቦች ያትማሉ። የአንዱ ነጥብ ስፋት የሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል ነው። በሰማያዊ ብርሃንና በማጉያ መነጽር ሲመረመሩ ግን ነጥቦቹ በረድፍ ተሰልፈው ይገኛሉ። አሰላለፋቸውም የመኪናውን መለያ ቁጥር፥ በአንዳንዱም የታተመበትን ቀንና ሰዓት ይናገራል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች የአንድ ዜሮክስ ማተሚያን ምልክት ፈትተው ያሳወቁት በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነበር።

የዚህ ብልኀት ዓላማ ሐሰተኛ ገንዘብ አታሚውን መከታተል ነው። አገራችንም መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50ና የ100 ብር ኖቶች መለወጣቸውንና የ200 ብር ኖት መውጣቱን ስታስታውቅ፥ አዲሶቹ ኖቶች አስመስሎ ለመሥራት የሚያስቸግሩ ምልክቶች እንዳሏቸው ተገልጦ ነበር። ገንዘብን አስመስሎ መሥራት በሕጋችን በጽኑ እሥራት ያስቀጣል።

ነገር ግን ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር አለ። ነጥቡ የሚመሰክረው ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሰውየው እጅ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ዐሥር ጸሐፊዎች በአንድ ማተሚያ ሲገለገሉ፥ ከዐሥሩ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ነጥቡ አይለይም። እንግዲህ ይህ ምልክት ብቻውን ማንንም ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሊያስገባ አይገባውም። ስለዚህ የማተሚያው ኀላፊ ማን፥ መቼና ምን እንዳተመ በመዝገብ ይያዝ። በደንብ የተያዘ መዝገብ ጥፋተኛውን ያስይዛል፤ ንጹሑንም ከሐሜትና ከእሥር ያድናል።