አንድ ሐሳብ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር፦ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎን ራስዎ ይጻፉ

በውጭ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ መናገሩ ያን ያህል አይቸግረንም። ሥራ ቦታ እንግባባለን፤ ሐኪም ቤት የሚያመንን እንናገራለን፤ በስልክም ከባንክ ሠራተኛ ጋር እንከራከራለን። የሚቸግረው መጻፉ ነው። ለአከራይ፣ ለልጅ አስተማሪ ወይም ለአለቃ አምስት መስመር ኢሜይል ለመጻፍ ስንቀመጥ እጃችን ይታሰራል። በመጨረሻ የ12 ዓመት ልጃችንን «ና እስቲ፣ ይቺን ጻፍልኝ» እንለዋለን። ልጁም ይጽፋል። ግን ከደብዳቤው ጋር የኪራዩን ጭቅጭቅና የቤቱን ጭንቀት አብሮ ይሸከማል። ይሄ ለልጅ ከባድ ነው፤ ለወላጅም ደስ አይልም።

ደስ የሚለው ነገር፣ መሣሪያው ከሞላ ጎደል በእጃችን አለ። አገር ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ሰው «የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ኮምፓውንድ ለውጥ፣ ወደ ኮምፕሌክስ ለውጥ» የሚለውን መልመጃ አይረሳም። ያኔ ለፈተና ብለን የሸመደድነው ነገር ዛሬ ለኢሜይል፣ ለማመልከቻና ለአቤቱታ ይጠቅማል። እስቲ አብረን እንከልሰው። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል የጻፍነው አውቶቡስ ላይም ሆነ ወጥ ቤት ጮክ ብለው እንዲያነቡት ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች

ነጠላ ዓረፍተ ነገር፣ በእንግሊዝኛው ሲምፕል ሴንተንስ፣ ራሱን የቻለ አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል። «ኢት ሬይንድ» (ዘነበ) ነጠላ ነው። ርዝመት ግን አያሳስትዎ። «ማይ ኦልደር ሲስተር ፍሮም ሲያትል ኬም ቱ አወር ሀውስ ላስት ሰንዴይ» ብንልም፣ የመጣችው አንዲት እህት፣ ድርጊቱም አንድ መምጣት ስለሆነ ያው ነጠላ ነው።

ድርብ ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ኮምፓውንድ ሴንተንስ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ሐሳቦችን እኩል አድርጎ ያጣምራል። እንደ ሁለት ጎረቤታሞች ይቁጠሯቸው፤ አጥር ይጋራሉ እንጂ አንዱ የሌላው ጥገኛ አይደለም። አጣማሪዎቹ ሰባት ናቸው፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ። የአሜሪካ ልጆች የእነዚህን የመጀመሪያ ፊደላት ገጣጥመው «ፋንቦይስ» እያሉ ይሸመድዷቸዋል።

ውስብስብ ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ኮምፕሌክስ ሴንተንስ፣ አንድ ዋና ሐሳብና ቢያንስ አንድ ጥገኛ ሐሳብ አለው። አሜሪካ የሚኖር ሰው ታክስ ሲያሠራ በፎርሙ ላይ «ዲፔንደንት» ብሎ ልጆቹን ያስመዘግባል አይደል? በሰዋስውም ቃሉ ያው ነው። ጥገኛው ሐሳብ ብቻውን ቤት አይከራይም። ቢኮዝ፣ ኦልዞው፣ ኢፍ፣ ዌን፣ አፍተር፣ ሁ፣ ዊች የመሳሰሉት ቃላት የጥገኛ ምልክት ናቸው።

መለያው ቀላል ነው። ግማሹን በእጅዎ ይሸፍኑና ቀሪውን ያንብቡት። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» (ስለዘነበ) ብለው ቢያቆሙ የሚሰማዎት ሰው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። «ከዚያስ?» የሚያስብል ሁሉ ጥገኛ ነው፤ ነጥብ ተደርጎበት ብቻውን መቆም የለበትም።

አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ

ምክንያት ሲኖር እንዲህ ይለወጣል፦

ውስብስብ፦ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቴይድ ሆም።»
ድርብ፦ «ኢት ሬይንድ፣ ሶ ዊ ስቴይድ ሆም።»
ነጠላ፦ «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሬይን፣ ዊ ስቴይድ ሆም።»

ሦስቱም የሚሉት «ስለዘነበ ቤት ዋልን» ነው። ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ከ«ቢኮዝ» በኋላ ግስ ያለው ሙሉ ሐሳብ ይመጣል፤ ከ«ቢኮዝ ኦፍ» በኋላ ግን ስም ብቻ። ግሱን ወደ ስም ስንለውጠው ጥገኛው ሐሳብ ይጠፋና ዓረፍተ ነገሩ ነጠላ ይሆናል። አማርኛችንም ይህን ያውቃል፤ «ስለዘነበ» እና «በዝናቡ ምክንያት» እንደማለት ነው።

ነገሩ ከተጠበቀው ውጪ ሲሆን ደግሞ፦

ውስብስብ፦ «ኦልዞው ሺ ወዝ ሲክ፣ ሺ ዌንት ቱ ወርክ።»
ድርብ፦ «ሺ ወዝ ሲክ፣ በት ሺ ዌንት ቱ ወርክ።»
ነጠላ፦ «ዲስፓይት ኸር ኢልነስ፣ ሺ ዌንት ቱ ወርክ።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ዲስፓይት ኦፍ» ይላል። ትክክሉ «ዲስፓይት» ብቻውን ነው፤ «ኦፍ» የሚከተለው «ኢን ስፓይት» የሚለውን ነው።

ለቅድመ ሁኔታ፦

ውስብስብ፦ «ኢፍ ዩ ዱ ኖት ሀቭ አን አፖይንትመንት፣ ዩ ካኖት ሲ ዘ ዶክተር።»
ድርብ፦ «ዩ ማስት ሀቭ አን አፖይንትመንት፣ ኦር ዩ ካኖት ሲ ዘ ዶክተር።»
ነጠላ፦ «ዩ ካኖት ሲ ዘ ዶክተር ዊዛውት አን አፖይንትመንት።»

ከእነዚህ ሦስት ጥንዶች፣ ማለትም ምክንያት፣ ተቃራኒና ቅድመ ሁኔታ፣ ውስጥ አብዛኛው የዕለት ተዕለት ደብዳቤ ይገባል።

አማርኛችን የሚጎትተን ቦታ

ስሕተታችን አብዛኛውን ጊዜ ከእውቀት ማነስ አይመጣም፤ አማርኛውን አጥብቀን ስለያዝን ነው። አራቱን እንያቸው።

አንደኛ፣ «ኦልዞው» እና «በት» አብረው አይገቡም። እኛ «ምንም እንኳ ቢያማትም፣ ሥራ ግን ሄደች» እንላለን፤ በአማርኛ ምንም ስሕተት የለውም። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ አያያዥ ብቻ ይበቃል። «ኦልዞው» ካሉ «በት»ን ይተዉ፤ «በት» ካሉ «ኦልዞው»ን ይተዉ። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛ፣ «የገዛሁት ስልክ» የሚለውን ስንተረጉም «ዘ ፎን ዛት አይ ቦት ኢት» የሚል ይወጣል። ለምን? «የገዛሁት» መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ስልኩን ስለምታመለክት ነው። እኛም እሷን «ኢት» ብለን ይዘናት እንሻገራለን። እንግሊዝኛው ግን «ዛት» ካለ በኋላ «ኢት»ን አይፈልግም፤ «ዘ ፎን ዛት አይ ቦት» ይበቃል። ቦታውም ይገለበጣል። እኛ ገላጩን ከስሙ በፊት እናስቀምጣለን፤ እነሱ ከስሙ በኋላ።

ሦስተኛ፣ «ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ ገባሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይመልከቱ። «አድርሼ» የምትለው ቃል «እኔ»ን በውስጧ ይዛለች። እንግሊዝኛው «አፍተር ድሮፒንግ ኦፍ ማይ ኪድስ፣ አይ ዌንት ቱ ወርክ» ይላል። «ድሮፒንግ» ውስጥ ግን እኔም፣ አንተም፣ እሷም የለም። ባለቤቱን የሚያገኘው ከኮማው ቀጥሎ ከሚመጣው ነው። ስለዚህ «አፍተር ድሮፒንግ ኦፍ ማይ ኪድስ፣ ዘ በስ ሌፍት» ብለው ከጻፉ ልጆቹን ያደረሰው አውቶቡሱ ይሆናል! ባለቤቱ ሁለት ከሆነ ወደ ውስብስብ ይለውጡት፦ «አፍተር አይ ድሮፕድ ኦፍ ማይ ኪድስ፣ ዘ በስ ሌፍት።»

አራተኛ፣ ኮማ ብቻውን ሁለት ዓረፍተ ነገር አያጣምርም። «አይ ወዝ ሲክ፣ አይ ዲድ ኖት ካም» በንግግር ያስኬዳል፤ በጽሑፍ ግን ስሕተት ነው። ሦስት መውጫ አለዎት፦ በሁለቱ መካከል ነጥብ ማድረግ፣ ከኮማው በኋላ «ሶ» ማስገባት፣ ወይም «ቢኮዝ አይ ወዝ ሲክ» ብሎ መጀመር። ጥገኛው ሐሳብ ሲቀድም ኮማ ይከተለዋል፤ «ቢኮዝ» መሀል ላይ ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ኮማ አያስፈልግም።

ክብደቱ የት ላይ ነው?

መለወጥ መቻል የሚጠቅመው ለማርክ ብቻ አይደለም። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያወዳድሩ።

«ኦልዞው አይ ወዝ ሌይት፣ አይ ፊኒሽድ ኦል ማይ ወርክ።» (ባረፍድም ሥራዬን ሁሉ ጨርሻለሁ።)
«ኦልዞው አይ ፊኒሽድ ኦል ማይ ወርክ፣ አይ ወዝ ሌይት።» (ሥራዬን ሁሉ ብጨርስም አርፍጃለሁ።)

መረጃው አንድ ነው። በመጀመሪያው ግን አለቃዎ ልቡ ውስጥ የሚቀረው ሥራው ማለቁ ነው፤ በሁለተኛው ማርፈድዎ። ክብደት የሚያርፈው በዋናው ሐሳብ ላይ ነውና እንዲታወስልዎ የሚፈልጉትን ዋና፣ እንዲታለፍ የሚፈልጉትን ጥገኛ ያድርጉት። ይህ ውሸት አይደለም፤ ነገርን አቀማመጡን ማወቅ ነው። አባቶቻችን በሽምግልና «ጥፋቱ እንዳለ ሆኖ…» ብለው ሲጀምሩ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። በአማርኛ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የኛ ሰው እስከ ፍጻሜው ታግሶ ያዳምጣል። የእንግሊዝኛ ኢሜይል አንባቢ ግን የሚፈለግበትን ነገር ቶሎ ማየት ይወዳል። ምክንያቱን ሦስት መስመር ደርድረው ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ «አይ ኒድ ፍራይዴይ ኦፍ ቢኮዝ ማይ ዶተር ሀዝ ሰርጀሪ» ብሎ መጀመር ይሻላል። ዕረፍቱ ቀደመ፤ ምክንያቱ ተከተለ።

እስቲ በአንድ ደብዳቤ እንሞክረው

የቤት ማሞቂያ ተበላሽቷል እንበል። ነጠላ ብቻ ሲደረደር እንዲህ ይሆናል፦

«ዘ ሂተር ኢዝ ብሮክን። አይ ኮልድ ዩ። ዩ ዲድ ኖት ካም። ዘ ሩምስ አር ኮልድ። ማይ ሰን ኢዝ ሲክ። ፊክስ ኢት።»

ስሕተት የለበትም፤ ግን ጠብ ይመስላል። ለሚያነበውም ሰው ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚያያዝ አይነግረውም። አሁን እናያይዘው፦

«ዘ ሂተር ኢን አወር አፓርትመንት ሀዝ ኖት ወርክድ ሲንስ መንዴይ። አይ ኮልድ ዩር ኦፊስ ኦን ቱዝዴይ፣ በት ኖ ዋን ኬም። ኦልዞው ዊ ዩዝ ኤክስትራ ብላንኬትስ፣ ዘ ሩምስ አር ቬሪ ኮልድ፣ ኤንድ ማይ ሰን ኢዝ ሲክ። ፕሊዝ ሴንድ ሰምዋን ሁ ካን ፊክስ ኢት ዚስ ዊክ።»

የመጀመሪያው ነጠላ ነው፤ ዋናውን ችግርና የጀመረበትን ቀን ይናገራል። ሁለተኛው ድርብ ነው፤ እርስዎ ያደረጉትንና እነሱ ያላደረጉትን እኩል ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሦስተኛው ጥገኛም አለው፣ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ሐሳቦችም አሉት፤ ይህ ድርብ ውስብስብ ይባላል። አራተኛው በ«ሁ» የተያያዘ ውስብስብ ነው።

«ማይ ሰን ኢዝ ሲክ ቢኮዝ ዘ ሂተር ኢዝ ብሮክን» ለምን አላልንም? «ቢኮዝ» ሲሉ ምክንያቱን በእርግጠኝነት ተናገሩ ማለት ነው። ሐኪም ያላለውን ነገር በጽሑፍ ካሰፈሩ ጭቅጭቁ ከማሞቂያው ወጥቶ ወደ ልጁ በሽታ ይሄዳል። «ኤንድ» ግን ሁለቱን እውነቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርዱን ለአንባቢው ይተወዋል። አንዲት አያያዥ ቃል ይህን ያህል ዋጋ አላት። ደብዳቤውንም ቀን ጽፈውበት ቅጂውን ያስቀምጡ።

ለፈተናም፣ ለልጆችም

ለአሜሪካ ዜግነት የሚፈተን ሰው ከሚነበቡለት 3 ዓረፍተ ነገሮች 1ዱን በትክክል መጻፍ ይበቃዋል፤ እነሱም አጫጭር ናቸው። አይኤልትስ ግን ሌላ ነው። የጽሑፍ ክፍሉ ሁለተኛ ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል። ከአራቱ የማርክ መስፈርቶች አንዱ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው፤ ነጠላውንና ውስብስቡን ማቀላቀል የሚፈለገው ለዚህ ነው። ሁሉንም ውስብስብ ማድረግም አያስፈልግም፤ ከሁለት ረጃጅም በኋላ የምትመጣ አንዲት አጭር ነጠላ ዓረፍተ ነገር ጽሑፉን ታሳርፋለች።

ልጆቻችንም ይህንኑ ይማራሉ። በ2010 የወጣውና ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መመዘኛ፣ አንድ ልጅ በ3ኛ ክፍል ሦስቱንም ዓይነት ዓረፍተ ነገር መጻፍ እንዲችል ይጠይቃል። በእንግሊዝ አገርም ልጆች በ6ኛ ዓመት የሰዋስው ፈተና ይፈተናሉ፤ ጥገኛ ሐሳብን መለየትም ይጠየቃሉ። ስለዚህ የልጅዎ የቤት ሥራና የእርስዎ ኢሜይል አንድ ትምህርት ናቸው ማለት ነው።

ለዚህ ወር አንድ ልማድ ይሞክሩ። ማታ ከእራት በኋላ ከዕለቱ ውሎ አንድ ነገር ይምረጡ። «አውቶቡስ ስላመለጠኝ አረፈድኩ» ይበቃል። እርስዎ በ«ቢኮዝ» ይጻፉት፤ ልጅዎ በ«ሶ» ይለውጠው፤ ከዚያ አብራችሁ ወደ ነጠላ አሳጥሩት። ልጅዎ እንግሊዝኛውን ሲያርም እርስዎ የ«አረፈድኩ»ን አማርኛ ያርሙለታል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለአከራዩ የሚጻፈው ደብዳቤ ሲመጣ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ይሁኑ። ልጁ ከፈለገ ከጎንዎ ሆኖ ኮማውን ይቁጠርልዎ።